ለቶርላይቭ ካሜራ ስንመርጥ

በእኛ መንገድ ላይ የመኪና ሰላምታ አንድ ጣት ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር የምታውቀው ከሆነ አመልካች ጣትህን ከመሪው ላይ ቀና ታደርጋለህ፤ ካላወቅከው ፊትህን ሳታዞር ታልፋለህ። ለማያውቁት ሰው ጣት ማንሳት እኛ ፊዮርድ ዳር፣ ተራራ መሃል ጠልቆ በገባው ባሕር አጠገብ፣ ያስቃል። ባሌ ቶርላይቭ ግን ከአምናው ክረምት ጀምሮ ለሁሉም ያነሳ ጀመር። ለጀርመን ቱሪስት፣ ዓሣ ለጫነ ከባድ መኪና፣ አንድ ቀን ደግሞ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ መንገድ ዳር ለቆመ ባዶ መኪና። የመንደሩ ሰው "ቶርላይቭ በስተርጅናው ሰው ወዳድ ሆነ" አለ። ሱቅ ስሄድ ሴቶቹ "ጉድሩን፣ ምን አበላሽው? ለኛም ንገሪን እንጂ" እያሉ ይቀልዱብኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ግን ባዶውን መኪና ሰላም ካለበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ቶርላይቭ የተማሪዎች ሾፌር ነው። ዘጠኝ ሰው የምትይዝ ሚኒባስ አለችው፤ ጠዋት ልጆቹን ከየደጃፋቸው ይለቅማል፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳቸዋል። መንገዱ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላ ወገን ባሕር ነው፤ በብዙ ቦታ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አያሳልፍም። ትምህርት ቤት ለመድረስ ደግሞ ተራራውን በስቶ የሚያልፈውን ረጅም ዋሻ ማቋረጥ ግድ ነው። ከልጆቹ ሁሉ ትንሿ የጎረቤታችን የቶርዲስ ልጅ ኤሊኔ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ልጆቹ ቶርላይቭን ይወዱታል። እሱም ቢሆን ጡረታ የሚለውን ቃል ሲሰማ ክፍሉን ጥሎ የሚወጣው በነሱ ምክንያት ነው።

ነገሩን አፍጥጦ እንዲወጣ ያደረገው የእህቴ ልጅ ሠርግ ነው። እንደ ልማዱ ፎቶ አንሺው እሱ ነበር፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከአንገቱ በማይለየው የፊልም ካሜራ፣ ፎቶ የሚያጠራበትን የካሜራውን ቀለበት በእጁ እያዞረ። ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ የሙሽራዋ ፊት ገንፎ መስሏል። አንድም የሚረባ አልነበረም።

"ካሜራው አርጅቷል" አለ።

"ወይስ ዐይንህ?" አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ዐይኔን ግንባር ያርገው፣ ካሜራው ነው!"

መሐላው ሲወጣው ክው አልኩ። እናቱ የታወረችው ልክ በዚህ ዕድሜ ነው። እኔ ለዚያ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ ከማድ ቤት ወደ ላሞቹ በረት በተዘረጋ ገመድ እየተመራች ትሄድ ነበር። ቶርላይቭ ስለዚያ ገመድ ሲናገር አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ ካሜራውን አውጥቼ የቀረውን ፊልም ጨረስኩት። የማገዶውን ክምር፣ ድመቷን፣ የጎረቤትን ጀልባ አነሳሁ። እኔ ፎቶ ማንሳት የማላውቅ ሰው ነኝ፤ እንዲያም ሆኖ ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የድመቷ ጢም ተለይቶ ይታያል። ካሜራው ከክሱ ነጻ ወጣ።

ታዲያ ለምን አልነገርሽውም ትለኝ ይሆናል፣ አንባቢ። የኛን ሰው ስለማታውቅ ነው። እኛ ዘንድ ባልና ሚስት ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ገበታ ድንች በልተው ዋናውን ነገር ሳያነሱት ሊቀበሩ ይችላሉ። ለወረዳው ብናገር ባሌን ከጀርባ ወጋሁት ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ ሰኞ በመጣ ቁጥር የሰው ልጆች ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ጋዜጣው ሁሉ የሚያወራለት አዲሱ ዲጂታል ካሜራ ያነሱትን ወዲያው ከጀርባው ያሳያል ይባላል። ፊልም የለ፣ ፎቶ ቤት የለ፤ የደበዘዘውን ፎቶ በሰው ፊት ሲያየው ማንን ይከሳል?

"በቃ፣ ዲጂታል እንግዛልህ" አልኩት።

ደስታው አንጀቴን በላው። ልጅ ያደረገው ነበር የሚመስለው።

ኅዳር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ በሚኒባሷ ወደ ፎርዴ ከተማ ጉዞ ጀመርን። በቡናማ አይብ የተሠራውን የመንገድ ዳቦ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ዝናብ ነው። ቶርላይቭ እያፏጨ ይነዳል፤ ከፊት የሚመጣ መኪና ብርሃን ባየ ቁጥር ጣቱ ቀና ትላለች።

ዋሻው ውስጥ ስንገባ ፉጨቱ ቆመ። ፍጥነቱም ቀነሰ፤ ከኋላችን ያለው መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርግብናል። መኪናችን ቀስ እያለች ወደ ቀኝ፣ ወደ እኔ በኩል ትሳብ ጀመር። ድንጋዩ በመስኮቴ በኩል እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። ከድንጋዩ የሚንጠባጠበው ውሃ ይታየኛል።

"ግድግዳው!" ብዬ ጮኽኩ።

መሪውን ጠመዘዘው። "አየሁት፣ አየሁት። ምን ያስጮህሻል?"

አየሁት ያለው ከጮኽኩ በኋላ ነው። ዳቦው በእጄ ተጨፍልቋል። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ እኔ ነፍስ አልነበረም፤ ከነገ ወዲያ በዚህችው ወንበር ላይ ኤሊኔ ትቀመጣለች፣ በዚሁ ዋሻ ውስጥ ያልፋሉ። ዛሬ ይህ ነገር ካልለየለት መቼም አይለይለትም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ሱቁ በብርሃን የተጥለቀለቀ ነው። ካሜራዎቹ በቀጭን ሰንሰለት ታስረው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፤ በሩ አጠገብ ቁመቷ ሰው የሚያህል፣ ቀይ ካፖርት የለበሰች የማስታወቂያ ካርቶን ሴት ጥርሷን ገልጣ ቆማለች። ካሚላ የምትባል ወጣት ሻጭ ተቀበለችን።

"ለምን ነው የሚፈልጉት?" ስትል ጠየቀችው።

"ለልጆች፣ ለወፍ፣ ለሠርግ" አላት ቶርላይቭ።

ለማስረጃ፣ አልኩ በሆዴ።

ሁለት ካሜራ አወጣችለት። አንዱ ጥቁርና ከባድ ነው፤ እንደ ድሮው ዐይን ላይ ለጥፈው የሚያዩበት ቀዳዳ አለው። ሌላው ብርማ፣ ትንሽዬ፣ ቀዳዳ የሌለው፤ ክንድን ዘርግቶ ከጀርባው ያለችውን መስታወት እያዩ ነው የሚያነሱበት። ቶርላይቭ ዐይኑን እንኳ ሳያሳርፍ ጥቁሩን አንስቶ ፊቱ ላይ ለጠፈው።

"ካሜራ ማለት ይሄ ነው። ያኛው የሳሙና ዕቃ ነው።"

"ትንሹን ስጪው" አልኳት ካሚላን።

"ፎቶ የሚያነሳው ማን ነው፣ ጉድሩን?"

"የሚያየውስ ማን ነው?"

ቀና ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ጥቁሩ ፊቱን ይሸፍንለታል፤ ምን እንዳየና ምን እንዳላየ ማንም አያውቅበትም። ትንሹ ግን በሰው ፊት ያጋልጠዋል። እኔም አውቄያለሁ፣ እሱም አውቋል። ካሚላ መሃላችን ቆማ ገና ልጅነቷ ያስታውቃል፤ የገባት የባልና ሚስት ንትርክ ብቻ ነው።

"እስኪ ሁለቱንም ይሞክሩ" አለች ትንሹን እጁ ላይ እያስቀመጠች። "መጀመሪያ ቋንቋ ይምረጡ፤ ይኸው ተዘርዝሮልዎታል፣ ኖርዌይኛ የሚለው ላይ ሲደርሱ ይጫኑ።"

መስታወቷን አቀረበ፣ አራቀ። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

"አንቺው ምረጪልኝ፣ ልጄ" አላት። "መነጽሬን መኪና ውስጥ ትቼው ነው።"

መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር።

ካሚላ የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱም ፊቱን ዳሰሰና ቶሎ ብሎ አብሯት ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ የቦርሳዬን ዚፕ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

"በሉ አሁን ባለቤትዎን ያንሷቸው" አለችው ቋንቋውን መርጣ።

ወደ በሩ ሄድኩና ፊቴን መለስኩ። ክንዱን ዘርግቶ ካሜራውን አነጣጠረ።

"ጉድሩን፣ ፈገግ በይ እንጂ! ሬሳ ነው እንዴ የማነሳው?"

በደረቀ ከንፈሬ ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት፤ ካሜራው ወደ እኔ አልነበረም ያነጣጠረው። ከኔ ወደ ጎን አልፏል።

"እንዲህ ነው!" አለ። "አሁን ጥርስሽ ሁሉ ታየ።" ተጫነው።

ካሚላ ካሜራውን ተቀብላ ገና ዐይኗን ጣል ስታደርግበት ስልክ ጠራ። "ኧረ ጥርት ብሏል!" ብላ መልሳ እጁ ላይ አደረገችውና ወደ ስልኩ እየሮጠች ዞር አለች። "ጥራቱን ራሱ ነው የሚያስተካክለው፤ እርስዎ መጫን ብቻ ነው!"

እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን መች አውቄ! እኔ የፊልም ዘመን ሰው ነኝ፤ ፎቶ የሚጠራው በአንሺው ዐይን ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ዘዴዬ ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ ነበር። ማሽኑ ለታወረም ሰው ጥርት ያለ ፎቶ ያነሳል ብሎ የነገረኝ የለም።

"አላልኩሽም?" አለ ቶርላይቭ። "ካሜራው ነው አላልኩሽም? ስንት ጊዜ ጠረጠርሽኝ!" ትከሻዬን አቅፎ ካሜራውን ፊቴ ላይ ደቀነው። "እዪ፣ ዐሥር ዓመት ቀንሶልሻል።"

አየሁ። ጥርት ያለች ሴት፣ ቀይ ካፖርት፣ ነጫጭ ጥርስ፤ በሩ አጠገብ የቆመችው ካርቶን። ከኔ በፎቶው ዳር ላይ የገባው ክርኔና ቦርሳዬ ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ የፈለግኩት ማስረጃ እጄ ውስጥ ሲገባ የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ ነው። ዐይኖቹ እንባ አቅርረዋል፤ ከተፈረደበት ሞት የተፈታ ሰው ፊት ነበር። አንዲት ቃል፣ "እውነትም አምሮብኛል" ብል ሁለታችንም እንደ ወትሯችን ቤታችን እንገባለን። ሰው በሞላበት ሱቅ፣ በዚያች ልጅ ፊት እንዳዋርደው ልቤ አልፈቀደልኝም።

ትንሹን ገዛ። "የሳሙና ዕቃ ብዬ በድዬሃለሁ" እያለ ካሜራውን ይቅርታ ጠየቀው፤ ካሚላንም አሳቃት። በካርቶኗ አጠገብ ሲያልፍ ጣቱን ቀና አድርጎ ሰላም አላት።

ስንወጣ ቀኑ ጨላልሟል፤ በእኛ ኅዳር ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር የለም። ዝናቡ በርትቷል። ቶርላይቭ ሚኒባሷ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ግን በር አልከፈትኩም። ሄጄ ከመኪናዋ ፊት ቆምኩ።

መስኮቱን አወረደ። "ምን ሆነሻል? ግቢ እንጂ፣ በሰበስሽ!"

"ሞተሩን አጥፋው።"

"ምን?"

"አጥፋና ውረድ። እኔ ነኝ የምነዳው።"

"አንቺ ይቺን መኪና ከግቢ አውጥተሽ አታውቂም። ነይ ግቢ ስልሽ፣ ዋሻው ሳይጨልም..." አለና ቆመ። ዋሻ ሁልጊዜ ጨለማ ነው።

ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። "ያነሳሃት ሴት ምን ለብሳለች?"

"ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ካፖርትሽን ነዋ።"

"ቀለሙ?"

የዝናብ መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል።

"ቀይ" አለ በመጨረሻ። እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለው።

"ቀይ ካፖርት የለኝም። የለበስኩት አረንጓዴ ነው፣ ይኸው።" እጁን ይዤ እጅጌዬ ላይ አደረግኩት። "ካርቶን ናት ያነሳኸው። በሩ ጋ የምትቆመውን የማስታወቂያ ካርቶን።"

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ይክዳል፣ ያመናጭቀኛል፣ ማርሽ አስገብቶ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ነበር። እጁን ከእጅጌዬ ላይ አላነሳም።

"ቆንጆ ናት?" አለኝ።

"ማን?"

"ካርቶኗ።"

"ከኔ ትሻላለች።"

"መቼም ሳላውቅ መርጬ ነው ያነሳሁት ማለት ነው" አለና ሊስቅ ሞከረ።

ጠየቅኩት። "ልጆቹን ይዘህ እንዴት ነው የምትነዳው፣ ቶርላይቭ? ያንን ዋሻ ጠዋት ጠዋት እንዴት ነው የምታልፈው?"

"ከልጆቹ ጋር ችግር የለም" አለ ቶሎ ብሎ። "ከነሱ ጋር ካንቺ በተሻለ ነው የምነዳው። ጨዋታ አለን። ከፊት መኪና ሲመጣ ቀድሞ አይቶ 'መኪና!' ያለ ልጅ ካራሜላ ይሸለማል። በግ መንገድ ከገባም እንደዚያው፤ ግድግዳው ከቀረበ ደግሞ ሁለት ካራሜላ። ኤሊኔን የሚቀድማት የለም! ዐይን አላት፣ ጭልፊት ናት። ከፊት ወንበር ያስቀመጥኳት ለምን..."

እዚህ ላይ ድምፁ ጠፋ። ሲጀምረው በኩራት ነበር፤ መሃል ላይ ግን የሚለውን ራሱ ሰማው።

በጥፊ ላጮለው ፈለግኩ፤ እቅፍ አድርጌም ላለቅስለት ፈለግኩ፤ የቱ እንደሚቀድም አላወቅኩም። የስድስት ዓመት ሕፃን በካራሜላ ተገዝታ ዘጠኝ ሰው የሚጭን መኪና በዐይኗ ስትመራ! ማታ ቤቷ ገብታም ለእናቷ ዛሬ አሸነፍኩ ብላ ትነግራት ይሆናል። ቶርዲስም ጎበዝ ብላ ትስማት ይሆናል።

"አምላኬ" አለ ቶርላይቭ። "አምላኬ፣ ጉድሩን።"

ሞተሩን አጠፋ። ሁለት እጆቹን ከመሪው ላይ አንስቶ ምን እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ይመስል ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ሳይወርድ፣ በመሃል እየተሻገረ፣ እያቃሰተ ወደ ጎን ወንበር አለፈ። እኔ በሱ ቦታ ገባሁ። ወንበሩ ገና ሞቃት ነበር። እግሬ ፔዳሉ ላይ አይደርስም፤ ወንበሩን ለመሳብ ስታገል እሱ አጎንብሶ ማንሻውን በዳበሳ አገኘልኝ።

"ስልኩን ስጪኝ" አለ።

"ለማን?"

"ለቶርዲስ።"

እዚህ ላይ እኔው ራሴ ልፍስፍስ አልኩ። "ነገ ይሁን" አልኩት። "ቤት እንግባ፣ ሾርባ እንጠጣ፣ ከዚያ ረጋ ብለህ..."

"ቤት ከገባሁ እዋሻለሁ። ቁጥሩን ምቺልኝ።"

መታሁለትና ሰጠሁት። መኪናዋ ውስጥ ጸጥታ ስለነበር የቶርዲስ ድምፅ ለኔም ይሰማኛል፤ ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ።

"ቶርዲስ፣ ቶርላይቭ ነኝ። ሰኞ ልጅቷን ለመውሰድ አልመጣም።"

"መኪናዋ ነች?" አለችው። "ባሌ ያይልሃል እኮ፣ ነገ ቤት ነው ያለው።"

"መኪናዋ ደህና ናት።"

"ታዲያ አሞሃል እንዴ? ኤሊኔ ታለቅሳለች፣ ካንተ በቀር ከማን ጋር ትሄዳለች?" ስትል በሳቅ ነው። "ያንተን ካራሜላ የለመደች ልጅ!"

ቶርላይቭ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

"ቶርዲስ፣ ስሚኝ። ዐይኔ አያይም። ከአምና ክረምት ጀምሮ አያይም። ስነዳ የነበረው በልጅሽ ዐይን ነው።"

ሳቋ ተቋረጠ። ከኋላዋ ያሉት ልጆች መንጫጫታቸውን ቀጥለዋል። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ እየጮኸች። ቶርላይቭ ስልኩን ከጆሮው አላራቀም፤ የምትለውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማት።